ማዶ የቀረሁት እኔ ነበርኩ

አትጠገብ ሆዴ፣

እንደምን ከረምሽ ብዬ እንዳልጠይቅሽ፣ አፈር ውስጥ እንዴት እንደሚከረም አላውቅም። ከተለየሽኝ ዓመት ሞላ። ማሽላው ሲያሸት ቀበርኩሽ፤ ይኸው ማሽላው ዳግመኛ አሸተ፣ ወፉም መጣ፣ እኔም አለሁ።

ለቅሶ ብቻ ቢሆን ኖሮ መቃብርሽ ዘንድ ሄጄ፣ አልቅሼ፣ ወጥቶልኝ እመለስ ነበር። ብዕር ያስያዘኝ ግን ቁጣ ነው። የኔታ ፊደል ያስቆጠሩኝ ዳዊት እንድደግምበት ነበር፤ እኔ ደግሞ ለሞተች ሚስቴ ሰው ልከስበት ተቀመጥኩ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፤ ካላለኝም ይሁን።

መጀመሪያ የቤታችንን ልንገርሽ። ቤታችን የለም። አንቺ ባለፍሽ በወሩ ገደማ እንግሊዞቹ ከማዶ መድፍ አዘነቡ፣ አውሮፕላንም መጣ። ከሰው ጋር ወደ በረሃ ሸሽቼ ስመለስ ጎጆዋ ከነአንገረቧ አመድ ሆና ጠበቀችኝ። ጠፍሩ የላላውን፣ ሁለታችንንም ወደ መሃል የሚያንከባልለንን አንገረብ ማለቴ ነው። "አጥብቀው እንጂ" ስትዪኝ "ለምን ብዬ" እልሽ የነበረው አልጋ እሱም ሄደ። አሁን ከድሮው ቦታ ከፍ ብሎ በማሽላ አገዳ ሌላ ጎጆ ቀልሻለሁ። ጎረቤታችን ሐሊማ ደኅና ናት፤ ሱቋ ግማሹ ተቃጥሎ ግማሹ ተርፏል። ወንድሟ ኢድሪስ ከገዳሪፍ ተመልሷል፤ ዑዱንም ይዞት መጥቷል፣ ግን እስካሁን አውታሩን አልነካውም። ማዶ ገላባት ያለው የግሪኩ ሱቅ ድንጋዩ ብቻ ቆሟል። ጣሊያኖቹ በጥር ለቀው ወጡ። ጎንደር ገና በእጃቸው ናት ይላሉ፤ እዚህ ግን የሉም።

እንግዲህ ነጻ ወጥተናል። ነጻ ሲወጣ የሰው አፍ እንዴት እንደሚፈታ ብታዪ!

አሁን ያንገበገበኝን ልንገርሽ። ለሙት ዓመትሽ ባላምባራስ ተገኘ ድግስ ደገሱልሽ። አዎ፣ ባላምባራስ ተገኘ። ዳስ ጥለው፣ በሬ ጥለው፣ "ጀግናዋ ዘፋኛችን" ብለው ሕዝብ ሰበሰቡልሽ። ተደላድለሽ ተኝተሽ እንደሆነ እዚህ ላይ ተነሺ።

አንቺ የምታውቂውን መልሼ የምጽፍልሽ ለዚህ ነው። ሰዎቹ ሌላ አትጠገብ ሠርተው በየገበያው እያዞሯት ነው። እኔ የማውቃትን እኔ ልጻፋት።

ሳንጃ አጠገብ ከአዝማሪ ቤት ተወለድሽ። አባትሽ ከድግስ ድግስ እየዞሩ የሰጣቸውን ሲያሞግሱ፣ የነፈጋቸውን ሲያዋርዱ የኖሩ ሰው ነበሩ፤ ለአንቺም ያስተማሩሽ ያንኑ ነበር። አንቺ ግን ማሞገስ አልሆነልሽም። አንድ ሠርግ ላይ የሙሽራውን አባት አወድሺ ብለው ቢያቆሙሽ፣ ሰውየውን ትክ ብለሽ አይተሽ ተውሽውና ሙሽራዋ ከእናቷ ስትለይ የተሰማትን ዘፈንሽ። ሴቶቹ አለቀሱ፤ አባትሽ ደግሞ በጥፊ መቱሽ። ይህን ስታወሪልኝ ትስቂ ነበር። እኔ አንድም ቀን አልሳቅኩበትም።

እኔ ከጭልጋ ሰም ከጫኑ ነጋዴዎች ጋር መተማ የወረድኩት ድቁናዬን ትቼ ነበር። አንቺ ከአባትሽ ቤት ወጥተሽ የምትዘፍኚበት ጠጅ ቤት ደጃፍ በቅሎ ሳራግፍ ድምፅሽ ከውስጥ መጣ። እንደ ደጋ ሴቶች ወደ ሰማይ የሚወነጨፍ አልነበረም። ዝቅ ያለ፣ ወፈር ያለ፣ ለአንድ ሰው ጆሮ ብቻ የሚነገር የሚመስል ድምፅ ነበር። ቤት ሙሉ ሰው፣ እያንዳንዱ፣ ያ አንድ ሰው እኔ ነኝ ብሎ ያምን ነበር። እኔም አመንኩ። ነጋዴዎቹ ሲመለሱ እኔ ቀረሁ። ማሲንቆ የተማርኩትም ካንቺ አጠገብ ለመቀመጥ ሌላ ሰበብ ስላጣሁ ነው። በሰው ፊት አንቱ ትዪኝ ነበር፤ ጓዳ ስንገባ "አንተ የተበላሸህ ዲያቆን"።

ከዚያ የግሪኩ ሱቅ መጣ። ያኔ ድንበሩ ላይ ማንም አይከለክልም ነበር፤ ሱዳኖቹ ኾር የሚሉትን፣ በጋ ደርቆ ክረምት የሚሞላውን ወንዝ ተሻግረን ገላባት እንውል ነበር። ግሪኩ ሳሙናና ጨርቅ ይሸጣል፤ ባንኮኒው ላይ ግን የሸክላ ማጫወቻ ነበረው። አንድ ቀን የአሜሪካ ጥቁር ሴት የዘፈነችበትን ሸክላ አደረገልን። "ጃዝ" አለን፣ ስሙን። ቋንቋውን ማናችንም አንሰማም። አንቺ ግን ከማጫወቻው መለከት አጠገብ በርጩማ ስበሽ ተቀመጥሽ፤ ሸክላውን አዙርልኝ፣ አሁንም አዙርልኝ እያልሽ ግሪኩን አሰለቸሽው። ወደ ቤት ስንመለስ ወንዙ መሃል ቆመሽ ነው የተናገርሽው።

"ቃሉን አፏ ላይ ታቆየዋለች፣ ፈንታሁን። ሰው እስኪፈልገው ድረስ አትለቀውም።"

ከዚያ ቀን ወዲህ ዘፈንሽ ሌላ ሆነ። ቃል ትጀምሪና ታቆሚዋለሽ። እኔ በማሲንቆዬ ክፍተቱን ልሞላ ስሮጥ ታፈጪብኛለሽ። "አትከተለኝ! ጠብቀኝ" ትዪኝ ነበር። ስንት ጊዜ ተጣላን በዚህ! ኢድሪስ ዑዱን ይዞ ሲመጣ ነው ነገሩ የገባኝ፤ እሱ መጠበቅ ያውቅበታል። አንቺ ስታቆሚ እሱም እጁን አንስቶ ዓይኑን ይጨፍናል፤ ቃሉን ስትለቂው "ያ ሰላም!" ብሎ ያደንቃል። በመጀመሪያ ሰው ሳቀብን። "ዘፋኟን እንቅልፍ ይዟታል" አሉ። አንድ የጎንደር ነጋዴ ግን፣ ሚስቱን ፈትቶ መጥቶ ሌላ ሊያገባ የሚያማርጥ ሰው፣ ከቀትር በኋላ ሲሰማሽ ቆየና ጠጁን ሳይጨርስ ተነሳ። ምን ሆነህ ነው ሲሉት "በቅሎዬን ጫኑልኝ፣ ወደ ቤቴ ነኝ" አለ። ከዚያ ወዲህ ማን ይስቃል? ከገዳሪፍ፣ ከጭልጋ፣ ከአርማጭሆ እየመጡ አንቺን ሰሙ። የተጣሉ ባልና ሚስት ሽማግሌ ከመላክ ይልቅ ጠጅ ቤት አምጥተው አንቺ ፊት ያስቀምጧቸው ነበር። የፍቅር ነገር ብቻ ነበር የምትዘፍኚው። ሌላ ቢለምኑሽ፣ ቢያስፈራሩሽ፣ ሌላ ከአፍሽ አይወጣም።

አሁን ወደዚያ ዘፈን ልምጣ።

አንድ ክረምት ጨውና ሳሙና ላመጣ ገላባት ተሻገርኩ፤ ማታውን ዘነበ፣ ወንዙ ሞላ። ኢድሪስ ቤት ስጠብቅ ወባ ጣለኝ። ሳምንት ያህል ማዶ ቀረሁ። አንቺ በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ወንዙ ዳር መጥተሽ ትቆሚ ነበር አሉ፤ እኔ ግን ከወባው ቀና ብዬ ላይሽ አልቻልኩም። ውሃው ጎድሎ ስመለስ አልተሳምኩም፣ አልተጠየቅኩም። አስቀመጥሽኝና ዘፈንሽልኝ፦

ወንዙ ሞላ ብለህ ማዶ እንዳትቀርብኝ፣
ውሃው እስኪጎድል ልቤ አይችልልኝ።
ጀልባ የለኝ እኔ ዋናም አላውቅበት፣
ድምፄን ልኬዋለሁ ና ተሻገርበት።

ይኸው ነው ዘፈኑ። ሌላ ወንዝ የለውም፣ ሌላ ማዶ የለውም፣ ሌላ ሰውም የለውም። ማዶ የቀረሁት እኔ ነበርኩ። ጨው ይዤ፣ በወባ እየተንቀጠቀጥኩ።

ጣሊያኖቹ ሲመጡ ካፒቴናቸው የአንዱን የሸሸ ነጋዴ ቤት ነጥቆ ለመኮንኖቹ መጠጥ ቤት አደረገው። ስምሽን ሰምቶ ኖሮ ከጥቁር ወታደሮቹ አንዱን አስካሪ ልኮ አስጠራሽ። አልሄድም ማለት ምን እንደሚያስከትል ሁላችንም እናውቅ ነበር፤ ሄድን። የምትዘፍኚውን ዘፈንሽ፣ የፍቅሩን። ካፒቴኑ አገጩን በእጁ ደግፎ ይሰማ ነበር። በመልኩ ክፉ ሰው አይመስልም ነበር፤ ይህም ያናድደኛል። ከዚያ ወዲህ የከተማው ሰው "የካፒቴኑ ዘፋኝ" አለሽ። ውሃ ስትቀጂ ሴቶቹ ማድጋቸውን ዘወር ያደርጉ ጀመር።

አርበኞቹም ሰው ላኩብሽ። መልእክተኛው ጋቢውን ተከናንቦ ቤታችን መጣና ለጣሊያን የገቡትን ሰዎች በስም እየጠራሽ አዋርጂልን አለሽ። ምን እንዳልሽው እኔ ነኝ ምስክርሽ። "ወንድሜ፣ እናንተን እግዚአብሔር ይርዳችሁ። ሰው በስሙ ጠርቶ ማዋረድ ግን ከአባቴ ቤት ጥዬው የወጣሁት ነገር ነው" አልሽው። "አንቺም ባንዳ ነሽ" ብሎ ተፍቶ ወጣ። ስለዚህ አርበኛ ነበረች የሚሉሽ አላወቁሽም፤ ባንዳ ነበረች ያሉሽም አላወቁሽም።

እንግሊዝና ጣሊያን ጦር ተማዘው ጣሊያኖቹ ተሻግረው ገላባትን የያዙ ሰሞን፣ ካፒቴኑ ለድሉ ድግስ አዘዘ። አስተርጓሚው የሮማውን ገዢያቸውን የሚያወድስ ግጥም ይዞ መጣና አጥኚ አለሽ። አነበብኩልሽ። ሰማሽና "ለሰው የምዘፍነው ስወደው ነው። እነዚህን አልወዳቸውም፤ እንዲህ ብለህ ንገረው" አልሽው። ደግ ሰው ነበር፣ ጉሮሮዋን አሟታል ብሎ ነገረልሽ። ካፒቴኑም "እስከ ነገ ይሻላታል" አለ።

በማግስቱ ከምሽጉ በታች ሜዳው ላይ ሕዝቡን ሰብስበው አቆሙሽ። ካፒቴኑ መሃል ተቀምጧል፤ በስተቀኙ ባላምባራስ ተገኘ፣ ጣሊያን የሰጣቸውን ኒሻን ደረታቸው ላይ ሰክተው፤ በስተግራው መምሬ ውቤ፣ የደብራችን ቄስ። እኔ ማሲንቆዬን ይዤ እግርሽ ሥር ነኝ። አንቺ ጎንበስ ብለሽ "ጠብቀኝ" አልሽኝ። ከዚያ ቀና ብለሽ "ወንዙ ሞላ ብለህ" ብለሽ ጀመርሽ።

ካፒቴኑ ፊቱን አጠቆረና "ምንድን ነው የምትለው?" ብሎ ጠየቀ። አስተርጓሚው የፍቅር ዘፈን ናት አለው። እውነቱን ነገረው! እዚያ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ግርፋት ቀምሰሽ ትመለሺልኝ ነበር። ግን ባላምባራስ ተገኘ ተነሱ። የወንድማቸው ልጅ በረሃ ገብቶ ስለነበር ጣሊያን ዓይኑን ጥሎባቸዋል፤ ታማኝ መምሰል ነበረባቸው። ራሳቸውን የሚያድኑበት ነገር ሲፈልጉ አንቺን አገኙ።

"የፍቅር አይደለም፣ ጌታዬ። ማዶ የምትላቸው ሱዳን የተሰደዱትን ሽፍቶች ነው። ድምፄን ልኬያለሁ፣ ተሻገሩ እያለች ትጠራቸዋለች።"

ከዚህ በኋላ ለዚህ ሰው አንቱታ የለኝም።

ክረምቱን በሙሉ በምሽጉ ውስጥ፣ ቆርቆሮ ክዳን ካለው እስር ቤት አሰሩሽ። ቀን ቆርቆሮው ያነድዳል፣ ዝናብ ሲመጣ ውሃው ከሥር ይገባል፤ ወባው እዚያ ያዘሽ። ከኤርትራ የመጣ አንድ አስካሪ እያዘነ በሽቦው በኩል ምግብ እንዳቀብልሽ ይፈቅድልኝ ነበር። ካፒቴኑ በአስተርጓሚው ቃል ላከ፤ ያችን ግጥም አንድ ጊዜ ብቻ ከዘፈነች ትውጣ አለ። አንድ ጊዜ! እኔ ሽቦውን ይዤ ለመንኩሽ። ታስታውሺያለሽ። ጉንጭሽ ጎድጉዶ፣ ነጠላሽ ጭቃ ሆኖ፣ አሁንም ፈገግ ብለሽ መለስሽልኝ።

"አንተን የወደድኩበትን ድምፅ ለእነሱ ልስጣቸው?"

"ስጫቸው!" አልኩሽ። "ይውሰዱት! ድምፅሽን ይውሰዱ፣ አንቺን ይተዉልኝ!"

ጀርባሽን ሰጥተሽኝ ገባሽ።

አትጠገብ፣ በዚህ በዚህ አንቺንም ተቆጥቼሻለሁ። ዓመት ሙሉ ተቆጥቼሻለሁ። ሰው ለልጁ ይዋሻል፣ ለእንጀራው ይዋሻል፤ አንቺ ለእኔ ስትዪ አንድ ቀን መዋሸት አቃተሽ። ከንፈርሽን አንቀሳቅሰሽ ብትመለሺ ማን ይከስሽ ነበር? እኔ? እኔ ሙያሽን ሁሉ ጥለሽ ዲዳ ሆነሽ ብትመጪ እንኳ ደጅ ቆሜ እልልታ የማሰማ ሰው ነበርኩ። ክብርሽን ጠበቅሽ፤ እሺ። እኔን ለማን ተውሽኝ? ለዚህ መልስ እንደሌለሽ አውቃለሁ፤ ቢሆንም እጠይቅሻለሁ።

መስከረም ጠብቶ መቆም ሲያቅትሽ ለቀቁሽ። ሐሊማ በአህያዋ አምጥታሽ አንገረቡ ላይ አስተኛንሽ። ድምፅ አልነበረሽም። ከንፈርሽ ይንቀሳቀሳል፣ የሚሰማ ግን የለም። ልታድኚው የሞትሽለት ድምፅ ካንቺ ቀድሞ ሄዶ ነበር። በጥቅምት መግቢያ፣ ረፋድ ላይ፣ እጅሽ በእጄ ውስጥ እንዳለ አለፍሽ።

ሬሳሽን ይዤ ደብሩ ደጅ ስደርስ መምሬ ውቤ በሩ ላይ ቆሙ። "ልጄ፣ በካፒቴኑ ቤት የዘፈነች ናት፤ ምእመናኑ ቅር ይላቸዋል። ደግሞም የጣሊያን እስረኛ ነበረች፤ ብንቀብራት ምን ይሉናል?" አሉኝ። ለጣሊያን ያደረች፣ ጣሊያንን የከዳች፣ ሁለቱንም በአንድ ትንፋሽ! ሬሳሽን ይዤ ተመለስኩ። ማሽላው ዳር፣ ከቁርቁራው ዛፍ ሥር እኔና የሐሊማ ሠራተኞች ቆፈርን። ከፍትሐቱ የማስታውሰውን ያህል አልኩልሽ። ሐሊማም እጇን ዘርግታ በራሷ ጸሎት ጸለየችልሽ። ከዚህች ከተማ ክርስቲያን ሁሉ ያገኘሽው ድቁናውን የተወ አንድ ዲያቆን ብቻ ነው።

አሁን ወደ ድግሱ።

ተገኘ ጣሊያኖቹ ሊወጡ ሲሉ ኒሻኑን ጥሎ በረሃ ገባ፤ ጥቂት ሰንብቶ ጎፈሬውን አጎፍሮ፣ ጠመንጃ ይዞ፣ አርበኛ ሆኖ ተመለሰ። ሹመቱም አልተነካበት። በዚያው ሰሞን ዘፈንሽ በየሜዳው ይሰማ ጀመር። መጀመሪያ ደስ ብሎኝ ሮጥኩ። ስጠጋ ግን እንዲህ ነበር የሚሉት፦

ወንዙ ሞላ ብለህ ማዶ እንዳትቀርብኝ፣
ጠላቴን አባረህ ነጻነት ስጠኝ።

እና ፍጥነቱ! እየጨፈሩ፣ ጠመንጃ እየነቀነቁ፣ አንዲት ቃል ሳያቆዩ። ማን እንዲህ አድርጎ አስተማራችሁ ብላቸው "ባላምባራስ ናቸው የነገሩን፤ በረሃ ያሉትን የምትጠራበት የምሥጢር ዘፈን ነበር" አሉኝ። ገባሽ? ጣሊያን ፊት የከሰሰሽበትን ያንኑ ውሸት አሁን መመስገኛ አደረገልሽ። የገደለሽ ውሸትና የሚያከብርሽ ውሸት አንድ ናቸው፤ ያወጣቸውም አፍ አንድ ነው።

በሙት ዓመትሽ ዳሱ ውስጥ ቆሞ "ይህች ጀግና ማዶ ላለነው አርበኞች ድምጿን ስትልክልን" አለ። ላለነው! እሱ እንኳን ማዶ፣ ከካፒቴኑ ጎን ፈቅ ብሎ አያውቅም። ጭብጨባው ሲያባራ ተነሳሁ። 

"ተገኘ" አልኩት። "አንተ ሰው።"

ባላምባራስን አንተ ያለ ሰው በዚህች ከተማ ታይቶ አያውቅም። ሥጋ የሚያዞሩት እንኳ ቆሙ።

"ዘፈኑ የእኔ ነው። ለእኔ ነው የተዘፈነው። ማዶ የቀረሁት እኔ ነበርኩ፣ ጨው ልገዛ ሄጄ። ሽፍቶችን ትጠራለች ብለህ ለካፒቴኑ የነገርከው አንተ ነህ። ያሳሰርካት አንተ ነህ። የገደልካት አንተ ነህ። አሁን ደግሞ በሬ ታርድላታለህ?"

አልተቆጣም። ፈገግ ብሎ እጁን አነሳ። "ተዉት፣ ሐዘን ነው። ሚስቱን ያጣ ሰው የሚለውን አያውቅም።"

"ያውቃል" አለ አንድ ድምፅ።

መምሬ ውቤ ናቸው። መቋሚያቸውን ተደግፈው ተነሱ። "የሚለውን ያውቃል። እኔም ነበርኩ። ከካፒቴኑ በስተግራ ተቀምጬ ነበር፤ ባላምባራስ፣ ሲናገሩ በዚህ ጆሮዬ ሰምቻለሁ። ሰምቼም ዝም ብያለሁ፤ ስትሞትም በሩን ዘጋሁባት" አሉ። ጥምጥማቸው ተንሸራቶ ግንባራቸው ላይ ወረደ፤ አላቀኑትም።

ሕዝቡ ተነስቶ ያንቀው መስሎሽ ይሆናል። አልተነሳም። አንዱ አሳለ፣ አንዱ ዓይኑን ወደ ውጭ ወረወረ። ተገኘ በቅሎውን አስጭኖ ቀጥ ብሎ ወጣ። እሱ ሲወጣ ሥጋው መዞሩን ቀጠለ፤ ተበላም። እንዲህ ነው አገርሽ።

እኔ ግን አልተቀመጥኩም። ማሲንቆዬን አነሳሁና ራሴ ዘፈንኩ። አዎ፣ እኔ፣ ድምፄ እንደ ዛገ በር የሆነው ሰውዬ። ኢድሪስ ከዳር ተነስቶ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ፤ ዑዱን አላመጣም ነበር፣ መዳፉን ብቻ ጉልበቱ ላይ እየመታ ምት ሰጠኝ። ቃሉን ለማቆየት ሞከርኩ። ጀልባ የለኝ እኔ ያልኩ ጊዜ ግን ቀጣዩ ጠፋኝ፤ እንባ ነው ያጠፋው፤ ከሴቶቹ መሃል ሐሊማ ጮክ ብላ ሰጠችኝ። እስከ መጨረሻው ዘፈንኩት። ማንም አላጨበጨበም። አንዲት አሮጊት ብቻ ወደ ጎረቤቷ ዞር ብለው "ለካስ ለባሏ ኖሯል" አሉ። ዳሱ ውስጥ በዚያ ቀን የተነገረው ትልቁ ነገር ይህ ነው ለእኔ።

በማግስቱ መምሬ ውቤ ማንም ሳይጠራቸው ከቁርቁራው ሥር መጥተው ፍትሐትሽን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አደረሱልሽ። አጽሟን ደብሩ ውስጥ ላሳርፈው፣ ፍቀድልኝ አሉኝ። አይሆንም አልኳቸው። እዚያው ደኅና ነሽ። ይቅር በለኝ አሉኝ፤ እግዜር ይቅር ይበልዎ አልኩ፤ እኔ እንደሆን ገና ነኝ። እጃቸውን ግን ተሳለምኩ፤ የተናገሩት እሳቸው ብቻ ናቸውና።

ተገኘ ደግሞ ሰው ልኮብኛል። "ባላምባራስ ከአገር ብትወጣ ይሻልሃል ብለዋል" አለኝ መልእክተኛው። ኢድሪስም ገዳሪፍ እንሂድ፣ እዚያ የሚሰማን አይጠፋም ይለኛል። አልሄድም። እዚህ ስምሽን የሚያጣምም ሰው ባለበት እዚሁ የሚያቃናው ሰው መኖር አለበት። ካሰሩኝ ይሰሩኝ፤ ቆርቆሮውን አውቀዋለሁ።

እረሳሻለሁ ብለሽ አትስጊ። በየገበያው፣ በየሠርጉ፣ ዘፈኑን በሰማሁበት ሁሉ እነሳለሁ። አትጠገብ የምትባል ሴት ነበረች፤ ባሏን ትወድ ነበር፤ የዘፈነችውም እንዲህ ነው እላለሁ። ከዚህ አልጨምርብሽም፣ ከዚህም አላጎድልብሽም። ጊዜ ሲያልፍ ይበርድለታል የሚሉኝ አሉ። አይበርድልኝም። ልጅ አልተውሽልኝም፤ የተውሽልኝ ይህን ቁጣ ነው፤ እሱን አሳድጋለሁ።

ባልሽ
ፈንታሁን